የዓሣዎቹ ጫጉላ

እኔ ዓሣ የምጠብስ ሰው ነኝ። ዓሣ ስለምታስታምም ሴት አወራለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ሰሞኑን ወልድያ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ለዓሣ ብላ ከአሠሪዋ የተጣላች እብድ» እያሉ ነሲባን ሲያሟት ሰማሁና ደሜ ፈላ። እብድስ እናንተ! አስካለ እባላለሁ፤ እሷ የምትሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሻይ ቤት ወሬ ይልቅ ከእኔ ብትሰሙ ይሻላችኋል።

ነሲባ የሀብሩ ወረዳ፣ የግራና ልጅ ናት። እንደ ሀብሩ ልጅ ሁሉ እሷም ገና በለጋነቷ ደላላ ተከትላ፣ በረሃ አቋርጣ፣ በጀልባ ተሻግራ ጅዳ ገባች። የተቀጠረችበት ቤት ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የያዘ የዓሣ መስታወት ነበረው። ውስጡ ከባሕር የተያዙ ዓሣዎች ናቸው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ምን ያልነበረ አለ። የሚንከባከባቸው ሰውዬ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ፤ እሱ ሳይሄድ ሁሉንም አሳይቷት ነበርና ያዘችው፤ ወደደችውም። ከዚያ በኮሮናው ጊዜ ተጠርዛ መጣች። ከአውሮፕላን እንደወረዱ በቀጥታ ለይቶ ማቆያ አስገቧቸው። «ጤነኛ ነሽ» ተብላ ወጥታ ግራና ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ከሩቅ ሆኖ ነው «እንኳን ደህና መጣሽ» ያላት። የገዛ አክስቷ እንኳ ውሃ በተለየ ጣሳ ነው የሰጠቻት። ነሲባ ሌላውን ሁሉ እየሳቀች ታወራለች፤ ይህን ግን አትስቅበትም።

ወልድያ መጥታ እኛ ሆቴል ክፍል በማጽዳት ተቀጠረች። ባለቤቱ ጋሼ ዘውዱ ናቸው። ጋሼ ዘውዱ ደግሞ አንድ ነገር ካማራቸው አማራቸው ነው! አዲስ አበባ አንድ ቦታ የባሕር ዓሣ አይተው መጡና እንግዳ መቀበያው ላይ ትልቅ መስታወት አስተከሉ። «የወንዝ ዓሣ ይሻላል» ብንላቸው «የወንዝማ ማንም አለው» አሉ። ለውሃው የሚሆነው ጨው በባልዲ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ዓሣዎቹን ደግሞ ኤፍሬም የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አየር በተሞላ ላስቲክ አድርጎ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል አመጣቸው። በዚያው ቀን መስታወቱ ውስጥ ተጨመሩ። አቤት ሲያምሩ!

ብዙም ሳይቆይ ክንፋቸው ላይ ነጫጭ ነገር ጣል ጣል አለባቸው። «ጨው ነው፤ ሳይሟሟ ቀርቶ ተጣብቆባቸው ነው» አሉ ጋሼ ዘውዱ። ሁሉም አመነ፤ የጨው ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ሌላ ምን ይባላል? ነሲባ ወለል እየወለወለች ነበር። ቀና ብላ «ጨው አይደለም፣ ጋሼ፤ በሽታ ነው። አዲስ ዓሣ ለብቻው ተለይቶ ሳይታከም እዚህ አይገባም ነበር» አለች። «ለዓሣም ለይቶ ማቆያ!» ብለው ሳቁ፤ ዘበኛው ሁሉ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ዓሣዎቹ በሙሉ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

ጋሼ ዘውዱ ተናደው መስታወቱን የመጠጥ መደርደሪያ ሊያደርጉት ሲሉ ነሲባ ፊታቸው ቆመች።

«አንዴ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ቢሞቱብሽስ?»

«ያባርሩኛላ!»

ይህን ስትል ምን እንዳስያዘች እኔ አውቃለሁ። መርሳ ላይ ዓሪፍ የሚባል ደላላ አለ፤ በየጊዜው እየደወለ «መንገዱ ተከፍቷል፣ ምን ትጠብቂያለሽ» ይላታል። እሷ ደግሞ ያንን በረሃ ሁለተኛ ላትረግጠው ወላሂ ብላ ምላለች። እዚህ ሥራ ካጣች ግን ሌላ መግቢያ አልነበራትም። ለዓሪፍ እምቢ የምትለው ይህን ሆቴል ተማምና ነው።

ኤፍሬም እንደገና ዓሣ ሲያመጣ ነሲባ ትልቁ መስታወት አጠገብ አላስደረሰቻቸውም። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ጠርጋ አነስ ያለ መስታወት አስቀመጠችና እዚያ አስገባቻቸው። ገብቼ ባይ ባዶ ነው፤ አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ፤ ለመደበቂያ የተቆራረጠ የቧንቧ ፕላስቲክ ብቻ። «ምነው፣ ትንሽ እንኳ ብታስጌጪላቸው» አልኳት። «ድንጋይና አሸዋ መድኃኒቱን ይጠጣባቸዋል፣ እትዬ አስካለ» አለችኝ። መድኃኒቱ ከመዳብ የተሠራ ነው፤ ጅዳ ያለች ጓደኛዋ በሰው ልካላት ነው። በጠብታ ትጨምርና ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ ቀለሙን ታያለች። ካነሰ በሽታው አይሞትም፤ ከበዛ ዓሣው ይሞታል። እኔ የወጥ ጨው የምለካው በእጄ ነው፤ እሷን ሳይ ግን በእጄ አፈርኩ።

ትልቁ መስታወት ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ያለ ዓሣ መክረም አለበት አለች። በሽታው ውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ የሚጣበቅበት ዓሣ ካጣ ግን በረሃብ ያልቃል። «ውሃው ይጹም» ነው ያለችው። ጋሼ ዘውዱ በዓመት ያለውን ጾም ሁሉ የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ ግን ውሃ ሲጾም ሰምተው አያውቁምና አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

የሆቴሉ ሰው ዕቃ ቤቷን «ለይቶ ማቆያ» እያለ ሲያሾፍ አንድ ቀን ነሲባ ባልዲዋን መሬት ላይ ዱብ አድርጋ ጮኸች።

«ይህን ስም እኔ ፊት አትጥሩት!»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

«ጫጉላ በሉት! ሙሽራ ጫጉላ የሚገባው ተጠልቶ ነው? እየበላ እየጠጣ፣ ሚዜ እያጫወተው ነው የሚቀመጠው። እኛን ማን አጫወተን? በር ላይ ምግብ አስቀምጠው ነበር የሚሮጡት!»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫጉላ ሆነ። ጠዋት ስትገባ «ሙሽሮቹ እንዴት አደሩ?» እንላታለን፤ እሷም «አልሐምዱሊላህ፣ ቁርስ በልተዋል» ትላለች። እውነትም ሚዜ ነበረች። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋላቸውን ሞተር በባትሪ ታስነሳለች፤ ባትሪውም ሲያልቅ ውሃውን በኩባያ እየቀዳች መልሳ ከላይ ታፈስሰዋለች፤ ክንዷ እስኪዝል።

እንግዳው ግን ማሾፉን አልተወም። መብራት የበራበት፣ ዓሣ የሌለበት ውሃ እያየ «ምንድን ነው፣ ጠበል ነው?» ይላል። ጋሼ ዘውዱ በየቀኑ ይቃጠላሉ። «መድኃኒቱን እጥፍ አድርጊውና ቶሎ ይውጡ!» ቢሏት «ንክች አላደርገውም» አለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሳቸው አንዴ አፍሰው እንኳ አልተማሩም።

በመሐል የጋሼ ዘውዱ ልጅ የብርቱካን ሠርግ ደረሰ። ድግሱ እዚያው ሆቴል፣ አማቾቹ ከሲሪንቃ የሚመጡ። ጋሼ ዘውዱ ሙሽሮቹ ከዓሣዎቹ ፊት ለፊት ፎቶ እንዲነሡ አሰቡ። ነሲባን ጠርተው «ለሠርጉ ይውጡ» አሏት።

«አልደረሱም፣ ጋሼ።»

«የልጄ ሠርግ ነው እኮ!»

«ልጅዎም ከሠርጉ በኋላ ጫጉላ ትገባለች። እነዚህ ከጫጉላቸው ሳይወጡ ምን አቸኮላቸው?»

ዕቃ ቤቷን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ጋሼ ዘውዱም ትተዋት ወደ ድግሱ ዝግጅት ሄዱ። የተሸነፉ መስሎን ነበር። ለካ ተደብቀው ኤፍሬም ዘንድ ደውለዋል!

የሠርጉ ዕለት ትልቁ መስታወት ውስጥ አንድ ዓሣ ሲዋኝ አየን። መዳፍ የሚያህል፣ ድምቅ ያለ ቢጫ። ጠዋት ከመኪና ወርዶ በቀጥታ የተጨመረ ነው። አዳራሹ ጉድ አለ፤ ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ ጋሼ ዘውዱ አማቾቻቸውን እየጎተቱ ያሳያሉ። እኔ ሥጋ እያወጣሁ ነበር። ነሲባ ከጓዳ ወጥታ መስታወቱን ስታይ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «ያ አላህ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ የጾመ ውሃ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ትልቁን ወንፊቴን ከተሰቀለበት አወረደችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ መስታወቱ ውስጥ ከተተች። በስመ አብ! ዘፈኑ ቆመ። ዓሣው ወዲያ ይላል፣ እሷ ወዲህ ትላለች፤ ውሃው የአማትየው ከረባት ላይ ተፈናጠቀ። በመጨረሻ ያዘችውና ባልዲ ውስጥ ከታ ከወንበር ወረደች። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ እያያት «ከጅቡቲ የመጣ ሙሽራ መጀመሪያ ጫጉላ ይገባል!» አለች። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ብርቱካንም በቬሏ አፏን ሸፍና ሳቀች። ጋሼ ዘውዱ ግን ፊታቸው ደም መሰለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም! ውጪልኝ!»

«እሺ» አለች፤ ባልዲዋን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቷ ሄደች። ከሌሎቹም ሳታቀላቅለው ለብቻው አስቀመጠችው።

ወሬ እግር አለው፤ ሰዓት ሳይቆይ መርሳ ደረሰ። ዓሪፍ ደወለ። ነሲባ ወጥ ቤት እኔ አጠገብ ሆና ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። «ተባረርሽ አሉ። ለነገ ልመዝግብሽ? የሚሄዱ ልጆች አሉኝ» አላት። ስልኩን ትክ ብላ አየችው። ለአንድ አፍታ፣ እመብርሃንን፣ እሺ ልትለው ነው ብዬ ልቤ ቆመ። ሌላ ምን ነበራት? በኋላ ወደ አፏ አስጠጋችውና «ስማ ዓሪፍ፤ የታመመ ዓሣ አለኝ፣ ጥዬው የትም አልሄድም። ባሕሩን ራስህ ተሻገረው!» ብላ ዘጋችበት። እኔም ከደስታዬ ብዛት ጭልፋዬን ጣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው መጣች። ጋሼ ዘውዱ በሩ ላይ አገኟት።

«አላባረርኩሽም እንዴ?»

«አባረውኛል። ዓሣዎቹን ግን አላባረሯቸውም።»

ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ። ጋሼ ዘውዱ ደመወዟን ቆረጡ፤ እሷ መምጣቷን አልቆረጠችም። መቻሬ ከአንዲት ዘመዷ ቤት እያደረች በእግሯ ትመጣለች፤ ምሳዋን እኔ አበላታለሁ፤ «ይህማ የእኔ ወጥ ቤት ነው» ብያለሁ፣ የሚናገረኝ ሰው ቢኖር ይምጣ ብያለሁ።

ቢጫው ዓሣ ግን አልተረፈም። ያ ነጭ ነገር መላ አካሉን ወረሰው፤ መድኃኒቱም አልደረሰለትም። ጋሼ ዘውዱ ሰምተው እየሮጡ መጡ። «ይኸው! ገደልሽው! እኔ ጋ በሰላም ይዋኝ ነበር፤ አንቺ ነሽ የገደልሽው!»

ነሲባ ዓሣውን መዳፏ ላይ ይዛ ነበር። እንባዋ ይወርዳል። «አዎ፣ እኔ እጅ ላይ ሞተ። አለቅስለታለሁም። በሽታውን ግን ይዞት ነው የመጣው። ትልቁንም ውሃ ነክቶታል፤ እንግዲህ ውሃው እንደ አዲስ ይጾማል።»

«እንደ አዲስ?!»

«እንደ አዲስ።»

«ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅ! በእኔስ አልተሳቀም?»

እሳቸውም በሩን ወርውረው ሄዱ።

ያ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ነሲባ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ትመጣለች። «ለማን ብለሽ ነው?» ብዬ አንድ ቀን ተቆጣኋት፤ ደመወዝ የለ፣ ምስጋና የለ። «ለእነሱ ነዋ!» አለችኝ፣ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኋት ያህል። በወንዝ ውሃ እንደማይኖሩ፣ አገራቸው ከዚህ ሩቅ እንደሆነ፣ ከእሷ በቀር ሰው እንደሌላቸው ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

ውሃው ጾሙን ሲጨርስ ሦስቱ ሙሽሮች ከነሙሉ ጤናቸው ወጡ፤ አንድ ብርቱካንማ ነጭ መቀነት ያለው፣ ሁለት ሰማያዊ። ነሲባ አንድ በአንድ ትልቁ መስታወት ውስጥ ለቀቀቻቸው። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሠርግ ነው ብለው ከመንገድ የገቡም ነበሩ። ብርቱካን ከባሏ ጋር መጥታ ፎቶ ተነሣች። ጋሼ ዘውዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ቆመው፣ ፈገግታቸው አሸነፋቸው። መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ነሲባ «አያስደንግጧቸው!» ብላ ስትቆጣቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጌታ ነኝ በሚል አነጋገር «በይ እንግዲህ፣ ምሬሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ሥራሽ ግቢ» አሏት።

ነሲባ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«መቼ ወጥቼ ነው የምገባው፣ ጋሼ?»