ጆጉ እስኪሞላ

አባቴ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ድራፍት ቤት አይሄድም። ሐኪሙ እንደ ልቡ መራመድ ይችላል ብሏል፤ እሱም በክራንች ግቢውን ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። ግን ጡረታ የወጣ ወታደር ነውና ጓደኞቹ በክራንች እንዲያዩት አይፈልግም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ክዳን ያለው ጆግ ይዤ እላካለሁ። አርባ ዓመት አልፎኛል፤ መሥሪያ ቤት ስገባ ከወንበራቸው የሚነሡልኝ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ ግን የቢራ ተላላኪ ነኝ።

ቤታችን ከድሮው የከተማ ግንብ ውስጥ ነው፤ ድራፍት ቤቱ ከሸዋ በር ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር። ጆጉን ከጊደር መጋላ ገበያ ስገዛ ሆን ብዬ ውስጡን የማያሳይ ወፍራም ፕላስቲክ መረጥኩ። ምን ዋጋ አለው? በሩ ላይ ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ "አቦ ፍጠኚ፣ አባትሽ ጠምቶታል!" ትላለች። እሷ ራሷ ቢራ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

ጆግ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ቶሎ አይሞላም። ባሬስታው ትንሽ ይቀዳና አረፋው እስኪወርድ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። ለሌላው ይቀዳል፣ ይመለስና ይጨምርበታል። ካጣደፉት ቤት የሚገባው አረፋ ነው። እስከዚያው ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ በሩ ጥግ እቆማለሁ። "ተቀመጪ እንጂ" ይሉኛል። አልቀመጥም። ቢራ ማመላለሴ አንሶ ጠጪ ልባል?

ከግድግዳው ሥር የአባቴ ጓደኞች የሆኑ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ከአጠገባቸው አንድ ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። የአባቴ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ ቢራውን ሳይነካ በፊት፣ "ወንበሬ ላይ ማን አለ?" ይለኛል።

"ማንም።"

ያኔ ብርጭቆውን ያነሣል። ከአንድ ብርጭቆ አያልፍም፤ የተረፈውን ደፍቼ ጆጉን አጥባለሁ። መጀመሪያ ላይ እናደድ ነበር፤ ለአንድ ብርጭቆ ነው ይህን ሁሉ የሚያንከራትተኝ? በኋላ ገባኝ። የሚልከኝ ቢራ ጠምቶት ሳይሆን ወንበሩን አይቼ እንድነግረው ነው። ይህን ሳውቅ አንጀቴን በላው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ድራፍት ቤቱ በኳስ ተመልካች ጢም ብሎ ነበር። ባሬስታው ጆጌን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና የአባቴን ወንበር መደገፊያ ያዘ።

"ሃምሳ አለቃ እኮ ከቀሩ ከረሙ" አለ። "እንግዳ ቆሞብኛል፣ ልውሰደው።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም እምቢ አላሉም። እኔ ግን ቤት ስገባ የምጠየቀውን ጥያቄ አሰብኩ። "ማንም" ብዬ ብዋሽ አባቴ ፊቴን አይቶ ያውቃል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከእንግዲህ ከግቢ አይወጣም። ደሜ ፈላ። ዓይኔን በጨው አጥቤ በሰዎቹ መሐል አለፍኩና ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ሰው አለው" አልኩት።

ባሬስታው ሳቀ። "ሳይታዘዝ መቀመጥ የለም እኮ።"

"አንድ ድራፍት አምጣ።"

መረረኝ። ቢሆንም ጆጉ እስኪሞላ ቀስ እያልኩ ጠጣሁት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ጨዋታቸውን ቢያቆሙም ወዲያው የአባቴን የወታደርነት ዘመን ያወሩልኝ ጀመር። ነጠላዬ መቼ ትከሻዬ ላይ እንደወረደ አላስታውስም።

ቤት ገብቼ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ወንበሬ ላይ ማን አለ?"

"እኔ" አልኩት። "ሊወስዱት ሲሉ ተቀመጥኩበት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ጠጣሽ?"

"አንድ።"

የቀዳሁለትን ብርጭቆ ሳይቀምስ ወደ እኔ ገፋው። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም አልነካነውም።

"ለቅዳሜ ጆጉን ተዪው" አለኝ በመጨረሻ። "አብረን እንሄዳለን። ለአንቺ ሌላ ወንበር ይፈልጉልሽ፤ ያኛው የኔ ነው።"