ዳነች የተባለችው አክስቴ

አክስቴ በወጣትነቷ ስፌት አዋቂ ነበረች ይላሉ፤ ጠበኛም ነበረች። እኔ የማውቃት አክስቴ ግን መርፌ ከሰጧት ክር ሳታስገባበት ይዛው የምትውል፣ ካልጠሯት የማትመጣ ሴት ናት። ቤተሰቡ «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይላታል።

የምሠራው ሆስፒታል መዝገብ ቤት ነው። ፈዘዝ ያለ ባልደረባ ሲያጋጥመን «ሎቦቶሚ የተሠራለት!» እያልን እንሳሳቃለን። ትርጉሙን ማን ጠይቆ! ባለፈው ሳምንት የድሮ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ቃሉን ከአክስቴ ስም ጎን አገኘሁት። አዛውንቱን ሐኪም ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«የአንጎልን የፊት ክፍል ከሌላው የሚያገናኙትን ነርቮች መቁረጥ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ቀርቷል። የሚጮኸውን ዝም ያሰኝ ነበር።»

«ይድኑ ነበር?»

«ቅጹ ላይ ይድኑ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። በቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዳነ፣ አልዳነም፣ ሞተ። ዝም ያለ ሁሉ «ዳነ» እየተባለ ተጽፏል። አክስቴም «ዳነች»። እንዲህ ያለውን መዳን ለጠላቴም አይስጠው! ከሥሩ የፈቀደው ቤተሰብ ፊርማ አለ፤ የእናቴ ነው።

ከሥራ ስመለስ እናቴ የአክስቴን ፀጉር እያበጠረች ነበር።

«አየሽ እንዴት እንደሰከነች?» አለችኝ፤ የግንባሯን ጠባሳ በፀጉሯ እየሸፈነች።