ያቺ የወንዝ ዳር ኮሶ

ስለ ቀኛዝማች ዘውገ ደግነት ለእኔ አታውሩልኝ! ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሰጥተዋል፤ ይሁን፣ ሰጥተዋል። እኔ የማውቀው ጎረቤቴን ሠርከአዲስን ምን እንዳደረጓት ነው።

ሠርከአዲስ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጎባ ገበያ ኮሶ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ ትል ሲያስቸግረው የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር። የሴቴዋን ዛፍ ቀይ አበባ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ ትሰጠዋለች። ሲጠጣ ይረግማታል፣ ሲሻለው ይመርቃታል።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ከጎባ በላይ ያለው ጋራ ተቃጠለ። ለግጦሽ ብለው ለኮሱት ያሉ አሉ፣ ማር ቆራጭ ነው ያሉም አሉ፤ እንጃ። ጥዱም ኮሶውም ነደደ። ወንዙ ዳር አንዲት ሴቴ ኮሶ ብቻ አበባዋን እንደተሸከመች ተረፈች። እኛም ሞኞቹ «እሰይ፣ የምትለቅሚው ተረፈልሽ!» አልናት።

እሷ ግን አንድ ዘለላ አልነካችም። እዚያው ጋራ ላይ የሚያርሰው አያና «እትዬ፣ ሄቶዋን መቼ ነው የምትለቅሚው?» ሲላት (ኮሶን በኦሮምኛ ሄቶ ነው የሚሏት) «ዘንድሮስ አልለቅምም፤ ዘሯን ትጣል» አለችው። መሬቱ ገና አመድ ነው። መጋቢት ላይ ዘሩ በነፋስ በኖ ቢያርፍበት የበልጉ ዝናብ ያበቅለዋል። ሣሩ ከቀደመ ግን አለቀ፣ ዘሩ መሬት አያገኝም። ሁለቱም ከዚያ በፊት በተቃጠለ ጋራ ላይ ይህን አይተዋል። አያና ዛፏን ሊጠብቅ ቃል ገባ። ሠርከአዲስም ያን በጋ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን አበላች። እጇ ተልጦ ነበር እኮ!

የካቲት ላይ ሠርግ በዛ፣ ቀኛዝማችም ጥሬ ሥጋ አበዙ። ከዚያ «ኮሶ ላኪ» አሏት። ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ አንድ ወር ይታገሡኝ። ዘሯን እስክትጥል ብቻ።»

«ሆዴ አንድ ወር ይታገሣል? ለዛፍ ብለሽ ነው እኔን የምታንገላቺኝ!» ብለው አስወጧት።

በማግስቱ ሁለት አሽከሮች መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ዛፍ መውጣቱ ታከታቸውና ዛፏን ከሥሯ ቆረጧት። አያና እየጮኸ ቢለምናቸው «የጌታ ትእዛዝ ነው» አሉት። አበባው ገና ቀይ ነው፣ ዘሩ አልደረሰም። ለአንድ ዋንጫ ኮሶ! ግንዱን እንኳ አላነሡትም፣ እዚያው ጥለውት አበባውን ይዘው ወረዱ።

በልጉ ዘነበ፣ ጋራው ሣር ብቻ ለበሰ። ያየ ሁሉ «አቤት ማማሩ!» ሲል ደሜ ይፈላል።

ፋሲካ አልፎ ቀኛዝማች በበቅሎ ሆነው ራሳቸው ከደጇ ቆሙ። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ።

«ሠርከአዲስ፣ ኮሶ ስጪኝ እስቲ።»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ከሌላ ዛፍ አትለቅሚም እንዴ?»

እጇ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ በቀሚሷ ጠረገችና ቀና ብላ አየቻቸው። «ሊኖር ነበር» አለች። «ጋራውን ሙሉ ሊኖር ነበር።»

እሳቸው እቴ! ልጓሙን ሳብ አድርገው «ግድ የለም፤ ሐኪም ቤት ኪኒን አለ አሉ፣ እሱን እውጣለሁ» አሏት።