ባሌ ካራቫኑ ውስጥ የቀረበት ወር

ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ሱቃችንን ሊከፍት እስኪሄድ ጠብቄ ካራቫኑን ከፍቼ ገባሁ። አንሶላ ልቀይርለት ነበር... ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም።

ካራቫኑን የገዛነው አምና ነው። በባኪ መኪና የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያለው፣ አሮጌ ባለጎማ ቤት። የሸጡልን ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር አገሩን ሁሉ ዞረውበታል። ባሌ ኤርሚያስ ደቡብ አፍሪካ ከገባ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባሕር ግን አይቶ አያውቅም። «ለዲሴምበር ልጆቹን ይዘን ደርባን፣ ባሕሩ ዳር ነው» አለ። ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ አቆመውና ከሱቅ በተመለሰ ቁጥር እሱን መጠጋገን ሆነ ሥራው። የሚያፈሰውን ጣሪያ በሲሊኮን ደፈነ። ከሥሩ ብሎኬት ደረደረለት። መጋረጃውን እኔ ሰፋሁ።

ዲሴምበር ሲደርስ ኮሮናው ባሰና የባሕሩ ዳርቻ ተዘጋ ተባለ። ካራቫኑ ግቢያችን ውስጥ ተገትሮ ቀረ።

ጃንዋሪ ላይ ኤርሚያስ ማሳል ጀመረ። ተመረመረና «ውጤቱ እስኪመጣ ከእናንተ ልራቅ» ብሎ ካራቫኑ ውስጥ ተኛ። በሁለተኛው ቀን እዚያው ሆኖ ደወለልኝ። በመስኮቱ ይታየኛል...

«ፖዚቲቭ ነኝ። ልጆቹን እንዳታስጠጊያቸው» አለኝ።

በዚያ ሰሞን ከቤተክርስቲያናችን ሁለት ሰው አጥተናል፤ ቀብራቸውን እንኳ በስልክ ነው ያየነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ዛንድስፕሩት ሄጄ ሱቃችንን እከፍታለሁ። ስመለስ አበስልና የእሱን ካራቫኑ ደረጃ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ ወደ ኋላ እላለሁ። ሦስት ቀን ጾምኩለት። እናቱ ከሆሳዕና እየደወሉ ያለቅሳሉ፤ እሳቸውን የማጽናናውም እኔው ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሱቅ ውስጥ ሽጉጥ ደቀኑብኝ። የሚፈልጉትን ወስደው ሄዱ። ቤት ስገባ ሽሮ ሠራሁና ደረጃው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሱቅ እንዴት ዋለ?» አለኝ በመስኮት።

«ደህና ነው» አልኩት... ሕመሙ እንዳይብስበት ብዬ።

አሥራ አራቱ ቀን ሞላ። «ትንሽ ልቆይ፣ ገና ድካም አለኝ» አለ። ሃያ ቀን ሆነ። ቀን ቀን ሱቅ መሄድ ጀመረ፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ ወደ ካራቫኑ። ትልቋ ልጄ ሳራ «ማሚ፣ ዳዲ አሁንም ሲክ ነው?» ስትለኝ «ለእኛ ተጠንቅቆ ነው» እላታለሁ።

እና ቅዳሜ ገባሁ። ውስጡ ያምራል፣ እውነቴን ነው። አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ትራስ። ትራሱን ሳነሳ መጽሐፍ ቅዱሱ ወደቀ፤ ከውስጡ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት ወጣ። የእሱ ስም አለበት። ቀኑ ያ የደወለልኝ ቀን ነው። ኔጋቲቭ ይላል።

እንግሊዝኛው ተምታቶብኝ ይሆናል ብዬ ሳራን ጠርቼ አስነበብኳት።

«የለበትም ማለት ነው፣ ማሚ» አለችኝ። ደስ ብሏት ወደ እህቷ ሮጠች።

አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሲመጣ ወረቀቱን በእጄ አየው። አልገባም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

«ውጤቱ ሲመጣ ልነግርሽ ስልኩን አነሳሁ» አለ። «ከዚያ አንድ ቀን ብቻ ልደር አልኩ... አንድ ቀን። ሆሳዕና ዘጠኝ ሆነን አንድ ቁርበት ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። እዚህ አገር ስገባ ቤሪያ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ወንድ ነበርን። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ካርቶን መሃል፣ ከዚያ እናንተ መጣችሁ። በሕይወቴ በር ዘግቼ ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ግን ስለ ሽጉጡ ነገርኩት። ወደ እኔ ሲዞር የት ላይ እንደደቀኑብኝም በጣቴ አሳየሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ታመህ ነበራ» አልኩት።

በማግስቱ እሁድ ነው። አምልኮ በዙም ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጋቢያችን «ወንድማችን ኤርሚያስን ጌታ ከሞት አፍ መልሶታል፣ ይመስክር» አሉ። ኤርሚያስ ዞሮ አየኝ። ስክሪኑ ላይ እናቱም አሉ፤ የጎረቤት ስልክ ተውሰው ነው የገቡት።

«እግዚአብሔር... ብቻዬን አልተወኝም» አለ።

እናቱ አለቀሱ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ሲያልቅ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ካራቫኑ ውስጥ ገባሁና ከውስጥ ቆለፍኩት። ሰው ሳያየኝ ላለቅስ ነበር።

ከሁሉ የከፋኝ ምን መሰላችሁ... እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይህን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።