በቅርጫ የተገዛው መጽሐፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ እዚሁ ሐይቅ ነው። ከተማው ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ ካለ ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም። እኔው ነኝ ሳወራው የኖርኩት። የማወራው ግን የሚያስቀውን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አላስተኛ ስላለኝ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

እኔ የከብትና የቤት ደላላ ነኝ። ሥራዬ ከሲታውን ወይፈን «ሰንጋ»፣ ጣራው የሚያፈሰውን ቤት «ነፋሻ» እያልኩ ማሻሻጥ ስለሆነ ማጋነን ይቀናኛል። እዚህ ላይ ግን ቢበዛ ሩቡን ነው ያጋነንኩት።

ልጄ ዘሐራ ደሴ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ትማራለች። ከትምህርቶቹ አንዱ የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠና ነው። በዚህ ትምህርት አንዴ ወድቃለች። ሁለተኛ ከወደቀች ኮሌጁ ያሰናብታታል። አብረዋት የወደቁ ሁለት የአገራችን ልጆች አሉ። አንዷ ብርቱካን ናት፤ እናቷ እትዬ አስካለ ውጫሌ ላይ ምግብ ቤት አላት። ሌላው ሱዋሊህ ነው፤ የጓደኛዬ የእንድሪስ ልጅ። እንድሪስ እዚህ ሐይቅ ሥጋ ቤት አለው።

አንድ ዓርብ ዘሐራ ከደሴ መጣችና ራቷን ሳትነካ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ መጽሐፉን ካላገኘሁ አለቀልኝ» አለችኝ።

«ስልክሽ ላይ ጭኛለሁ ብለሽ አልነበር?»

«ጭኛለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ስልኩ ይዘጋል፤ ባትሪው አርጅቷል።»

«እንግዲያው ፎቶ ኮፒ ይነሳ።»

«ሥዕሉ በቀለም ነው አባዬ። ፎቶ ኮፒ ሲሆን ደም ሥሩም፣ ነርቩም፣ ጅማቱም እኩል ይጠቁራል። ባለፈው የወደቅሁት በዚያ ነው።»

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አለ። እሱን ለማየት የሚሰለፈው ተማሪ ግን ከዳቦ ሰልፍ ይረዝማል።

ዋጋውን አስጠየቅሁ። ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመሰለኝ ኮሌጁን ከነአጥሩ ሊሸጡልኝ ነው። ከውጭ የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ መጽሐፍ ነው አሉኝ። በኔ ሙያ ሳሰላው የአንድ ደህና ወይፈን ዋጋ ነው። ወይፈን ደግሞ ያርሳል፤ ሲደክም ይታረዳል። ይኼ አያርስ፣ አይታረድ።

እትዬ አስካለ ናት መላ ያመጣችው። ስልክ ደውዬ ሳማክራት፣ «አንተ ይማም፣ በሬ ለብቻችን መግዛት ሲያቅተን ምን እናደርጋለን?» አለችኝ።

«ቅርጫ እንገባለና።»

«እና መጽሐፍ ከበሬ ይበልጣል እንዴ?»

እንድሪስ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። በኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ሠርጉም ኀዘኑም አንድ ላይ ነው፤ ይጋባል፣ ይዋለዳል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ብቻ ሁሉም የየራሱን ይበላል። ስለዚህ ቅርጫም ለየብቻ ነው። «ወላሂ» አለ እንድሪስ፣ «ከእትዬ አስካለ ጋር ቅርጫ ሳልገባ ልሞት ነው ስል አላህ መጽሐፍ አመጣልኝ!»

ሦስታችንም ያለንን አዋጣን። እኔ ስለ አዋጣሁበት መንገድ ባልናገር ይሻላል፤ ሚስቴ አሁንም ስለሸጥኩት ቁም ሣጥን ትጠይቀኛለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመዴ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን። መጽሐፉ ሲደርስ ክብደቱ ጉድ ነው። ወደ ግሸን የሚወጣ ሰው ይህን ተሸክሞ ተራራውን ቢጨርስ የሰባት ዓመት ኃጢአቱ ይሰረዝለታል።

ልጆቹ አስቀድመው ተማክረዋል። አንዱ ይዞት ሌሎቹ ከሚለምኑት፣ መጽሐፉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በየተራ እየተቀያየሩ ቢያነቡት ይሻላል ብለዋል። «ሦስት ቦታ ይከፈልልን» ነው ያሉን። ሌላ ያሉት የለም።

ቅዳሜ እለት እንድሪስ ሥጋ ቤት ተሰበሰብን። እትዬ አስካለም ከውጫሌ በሚኒባስ መጣች። ቢላ ያለው እንድሪስ፣ ሚዛን ያለው እንድሪስ። ማን ይክፈለው የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። እኔ የዙሁር ሰላት ደርሶ ነበርና መስጊድ ሄድኩ።

ስመለስ ሁሉ ነገር አልቋል። ሦስት ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ዕጣም ጥለዋል፤ እንድሪስ ቁልፉን፣ እትዬ አስካለ የፀጉር ማስያዣዋን፣ ለኔ ደግሞ ረስቼው የሄድኩትን መፋቂያዬን ጥለውልኛል። ሰው አላፊ አግዳሚው እየገባ «ምን ታርዶ ነው?» ይላል። እንድሪስ በኩራት ላብ ላብ ብሎታል።

«አንዲት ግራም አትበላለጥም» አለኝ። «ሐቅ ነው ያደረግሁት።»

«አላህ ይስጥህ» ብዬ ፌስታሌን አንጠለጠልኩ። ሰኞ ጠዋት ሱዋሊህ ሦስቱንም ይዞ ደሴ ሄደ። እሱ ከሐይቅ ነው የሚመላለሰው፤ ሌሊት አባቱን በእርድ ሥራ ረድቶ፣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ ይመለሳል።

የዚያኑ ቀን ማታ ዘሐራ ደወለች። ሰላምታም የለ።

«አባዬ፣ መጽሐፉን ማነው ያረደው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጉበቱ ሦስት ቦታ ነው ያለው! ልቡም ሦስት ቦታ ነው! አንድም የተሟላ ምዕራፍ የለም!»

ተነስቼ ወደ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። እንድሪስ ቁርኣን ጥሩ አድርጎ ይቀራል፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አያውቅም። ጥያቄዬን ሲሰማ እንደ መገረም አደረገው።

«ይማሜ፣ ቅርጫ አይደለም እንዴ? መጽሐፉን ብገልጠው ጉበት አለ፣ ኩላሊት አለ፣ ጨጓራ አለ፣ ጎድን አለ። ታዲያ ጉበቱን ጠቅልዬ ላንዱ ልስጥ? ለማን አድልቼ? ከየብልቱ ለየመደቡ አዳረስኩት።»

ቅርጫ የገባ ሰው ይህን ሊፈርድበት አይችልም። ጉበት ሳይደርሰው የቀረ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስንት ዘመን እንደሚኳረፍ እናውቃለን።

«ሥዕል የሌለበትንስ?»

«እሱ አጥንት ነው። በሚዛን ደለደልኩት።»

«ሽፋኑስ?»

«ቆዳውን ለብቻ አስቀምጬዋለሁ፤ ተስማምተን ለአንዱ እንሰጠዋለን።»

ሳቄ መጣ። ያኔ ገና ሳቄ ይመጣ ነበር። «አብሽር» አልኩት፣ «ገጹ ቁጥር አለው፤ ልጆቹ መልሰው ይደረድሩታል።»

«የቱ ጋ ነበር ቁጥሩ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጫፉ ላይ ነዋ።»

ጫፉን ከርክሞታል። ክምሩ አምሮ እኩል እንዲሆን ብሎ፣ ጮማ እንደሚያስተካክል፣ ዳር ዳሩን በቢላ አንስቶታል፤ ቁርጥራጩም ከቆሻሻው ጋር ወጥቷል።

ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከእንድሪስ ጋር ደሴ ወጣን። ዘሐራ የተከራየቻት ክፍል አልጋና ሰው ባንድ ጊዜ የማትይዝ ናት። አልጋውን አቁመውት መሬቱን በገጽ ሞልተውታል። ልጆቹ በየጥጉ ተቀምጠዋል። አንዷ የገጹን መጨረሻ ቃል ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌሎቹ የሚቀጥለው ገጽ እጃቸው ላይ እንዳለ ይፈልጋሉ።

«ወደ ግራ የሚወጣው ደም ሥር፣ ከዚያስ?» ትላለች ብርቱካን።

«እኔ ጋ የለም» ይላል ሱዋሊህ።

«እኔም ጋ የለም» ትላለች ዘሐራ።

እንደገና ከመጀመሪያው።

የሚያጠኑ አይመስሉም፤ ከጎርፍ የተረፈ ዕቃ የሚለቅሙ ይመስላሉ። ዘሐራ ዓይኗ አብጧል። እንድሪስ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ቁጢጥ አለ። አንድ ገጽ አንስቶ ገልብጦ ያዘው። ብርቱካን ምንም ሳትል ከእጁ ወስዳ አዙራ መለሰችለት።

እንድሪስ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸውና፣ «ጉበቱ ግን ለሦስታችሁም ደርሷል አይደል?» አለ።

ዘሐራ መሳቅ ጀመረች። ስቃ ስቃ መጨረሻው ለቅሶ ሆነ። ሱዋሊህ ብቻ ነው አንገቱን ያላቀናው።

ለሰው የማወራው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ አንዳንዱም ሻይ ይጋብዘኛል።

የቀረው እንዲህ ነው። መደርደሩ የሚሠራው ማታ ማታ፣ ከክፍል መልስ ነው። ሁለቱ ሴቶች ደሴ ስለሚያድሩ አምሽተው ይደረድራሉ፣ ያነባሉ። ሱዋሊህ ግን የመጨረሻውን ሚኒባስ ለመያዝ ገና እንደጀመሩ ይነሳል። ሌሊት ቢላ መሳል፣ ቆዳ መግፈፍ አለበት። አባቱ፣ «ይቅር፣ ደሴ እደር» ቢለው፣ «ወገብህን አምሞህ ማን ያነሳልሃል?» ብሎ እንቢ አለ። ዘሐራ የተደረደረውን በስልኳ እያነሳች ልትልክለት ሞከረች፤ ስልኩም አመሉን አልተወም።

ዘሐራና ብርቱካን ለትንሽ አለፉ። ሱዋሊህ ለትንሽ ወደቀ። ኮሌጁ አሰናበተው።

መውደቁን መጽሐፉ ብቻ ነው ያመጣው አልልም። ድካምም አለ፣ እንቅልፍ ማጣትም አለ። ልጁም ማንንም አልወቀሰም። አንድ ወር ያህል አባቱ ሥጋ ቤት ሚዛኑ ጋ ቆሞ አየሁት። ስቀልድበት ፈገግ ይልልኝ ነበር። ከዚያ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ተነስቶ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። በየት በኩል እንደሄደ አባቱም ያወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። አሁን በረሃ ላይ የሰው በግ ይጠብቃል፤ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ሲያገኝ ይደውላል።

እንድሪስ የልጁን ፌስታል ይዞልኝ መጣ። «ለሴቶቹ ይሁን፣ ሥራ ላይ ይዋል» አለኝ። እኔም ለዘሐራ ሰጠኋት። «በይ አሁን ለሁለታችሁም ተሟልቷል፣ ደሴ አንድ መጽሐፍ ሰፊ አለ፤ ከነቆዳው አስጠርዤ ላምጣልሽ» አልኳት። በሕይወቴ ያለ ክርክር ልከፍል የተነሳሁት ያን ጊዜ ነው።

«ይቅር አባዬ» አለችኝ። «ባለቤት አለው እኮ።» የሱዋሊህን ለብቻው በፌስታሉ ነው የምታስቀምጠው። ስታነብ ታወጣዋለች፤ ስትጨርስ ትመልሰዋለች።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ትምህርት፣ ሌላ መጽሐፍ መጣ። ዋጋው ካለፈው ወይፈን አድጎ በሬ ሆኗል። እትዬ አስካለ ደወለችልኝ።

«ይማም፣ ስንት ነን?» አለችኝ።

«ላጣራና እደውልልሻለሁ» አልኳት። ምን እንደማጣራ አላውቅም። ሁለት መሆናችን ግልጽ ነው፤ ለሁለት ደግሞ እንዴት እንደሚቻል አይታየኝም ነበር። ልጅ ማስተማር እንዲህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። አንዱን ዳገት ወጣሁ ስትል መምህሩ ሌላ ዳገት ጽፎ ይልክልሃል።

በሥጋ ቤቱ በር ሳልፍ እንድሪስ ጠራኝ። ቢላውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«መጽሐፍ መጣ አሉ።»

«መጣ።»

«እኔም አለሁበት።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን አይቀልድም።

«እንድሪስ፣ አንተ ምን ልታደርገው...» ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም።

«ልጅ የለኝም እንዴ?» አለኝ። «መደቡ ይቀመጥለት። እኔ በቢላ አልነካውም፤ እነሱው እንደፈለጉ ይክፈሉት።»

በሬ ሲሞትብኝ እንኳ ገዢውን አስቄ የሸኘሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ቀልድ ሳልሞክር ተሰናበትኩት። ይህን ስጽፍም ያው ነኝ፤ ደክሞኛል፣ እንድሪስንም ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

ከሥጋ ቤቱ ወጥቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩላት።

«ሦስት ነን» አልኳት።