እናቴ ወፍ ልታሳየኝ ደባርቅ የወሰደችኝ ቅዳሜ

ሰሞኑን አሁን በምኖርባት፣ ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ ከተማ፣ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ጦስኝ የተጣለበት ሻይ ቀርቦልኝ፣ ሽታው ገና አፍንጫዬን ሲነካው እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዝ ጀመረ፤ ልቤም ሳልጠራው ደባርቅ ደረሰ።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች፤ ወጥ እያማሰለች በር ትከፍታለች፣ በር ከፍታ መንገዱን ታያለች፣ መንገዱን ስታይ ወጡ ያርርባታል፤ ልብስ ሰፊው አባቴም ያረረውን ወጥ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይበላዋል። በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ «ተነሽ፣ ወፍ ላሳይሽ ነው» ብላ አውቶቡስ አሳፈረችኝ። የያዘችው ቦርሳ ለወፍ ማያ የሚሆን አልነበረም፤ እኔን ያህላል። ነገር ግን ከጎንደር እንደወጣን ወለቃ ላይ መንገድ ዳር የተደረደሩትን የሸክላ አሻንጉሊቶች ሳይ ቦርሳውን ረሳሁት።

ደባርቅ፣ አጎቴ ቤት ቦርሳውን አስቀምጠን ውሃ እንኳ ሳንጠጣ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የምንረግጠው ጦስኝ ይሸታል፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነ አንድ ቁራ ከፊት ከፊታችን እየዘለለ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ አንዱ ግልገል ከእናቱ ጀርባ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሳቄን ሳልጨርስ፣ እናቴ «ነይ፣ ወዲያ ደግሞ አለ» እያለች እጄን ትጎትታለች። የቆመችው ገደሉ ጫፍ ስንደርስ ብቻ ነው። ከሥራችን ቅልጥም ሰባሪ የሚሉት አሞራ አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ቋጥኝ ላይ ይለቀዋል፣ ተከትሎት ይወርዳል፣ አልሰበር ሲለው እንደገና ያነሳዋል።

«ሰኞ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለችኝ፣ ዓይኗን ካሞራው ሳትነቅል። «የነርስነት ትምህርት ነው። አባትሽ እሺ አላለም። አንቺ ከአጎትሽ ዘንድ ትቆያለሽ።»

«ስንት ቀን?»

«እዪው፣ እዪው፣ ሊጥለው ነው!»

አየሁት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ዘግየት ብሎ ደረሰን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰኞ መኪና ስትሳፈር ግን ነገሩ ገብቶኝ ኖሮ፣ ከአጎቴ ሚስት ቀሚስ ኋላ ተደብቄ አልሳምም አልኳት።

«ስንት ቀን?» ያልኩት ሦስት ዓመት ሆነ። ትምህርቷን ጨርሳ ጎንደር ሥራ ያዘች፤ እኔንም ከደባርቅ አመጣችኝ፤ አባቴም መርፌውን እንደያዘ በሩን ከፈተልን። የተመለሰችው ሴት ዝግ ብላ የምትራመድ፣ ወንበር ላይ የምትረጋ፣ ነገርን በልኩ የምታወራ ነበረች። ዘመዱ ሁሉ «ተመስገን፣ ሰከነች» አለ፤ እኔም ልጅ ነኝና አብሬ ደስ አለኝ። እየዋለ እያደረ ነው አንድ ነገር እንደጎደለብኝ የገባኝ፤ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያለች ትናፍቀኛለች።

ዛሬ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ናት። እኔ ግን ገብሱ ቢጫ ሲሆን ቤት መቀመጥ ያቅተኛል። ዘንድሮም ጥቅምት ሲገባ አላስችል ብሎኝ፣ «እማዬ፣ ደባርቅ እንሂድ?» አልኳት።

«ምን ልናይ?» አለችኝ። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።