ሳይነበብ የተመለሰው የያስሚን ደብተር

ማስተዋል በሰቆጣ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ሌላው ከሥራ ሲወጣ እሷ መደርደሪያዎቹ መሀል ተቀምጣ ልቦለድ ትጽፍ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀባት። በ1995 ዓ.ም. ስትጨርሰው የትምህርት ቤቱ ታይፒስት አምሳለ መታችላትና ሠላሳ ቅጂ ተባዝቶ ለተማሪዎች ታደለ።

ታሪኩ ከሌላ ዓለም በመንኮራኩር ስለመጡ ፍጡራንና ይዘዋት ስለሄዱ አንዲት የሰቆጣ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአካባቢው ታይቶ አይታወቅምና መምህራኑ አመሰገኗት። የባለ ሱቋ የረሒማ ልጅ ያስሚን ግን፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች፣ ቅጂዋን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ልጅቷ ምን ሠራች? ሲወስዷት ዝም፣ ሲያስሯት ዝም። አንድ ወንድ ልጅ መጥቶ ሲያስፈታት እንኳ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። መንኮራኩሩን ወድጄው ነበር፤ እሷ ግን አናደደችኝ።»

ይህን ብላ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። መጨረሻውን ራሷ እንደ አዲስ ጽፋዋለች።

የማስተዋል ፊት ጋለ። «አንቺ መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ» አለችና ደብተሩን ሳትገልጠው መለሰችላት። ያስሚን አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጠችም።

ማስተዋል ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፏን ዞር ብላ አላየችውም። አንድ ቀን አንሥታ ስታነበው አፈረች። ጀግናዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ በር እንኳ በራሷ እጅ አልከፈተችም። ላስተካክለው ብላ ብትቀመጥም ልጅቷን ከተቀመጠችበት ማስነሣት አቃታት። በማግስቱ ረሒማ ሱቅ ሄደች።

«ያስሚን የለችም እንዴ?»

«ጅዳ ከሄደች ስምንት ወሯ። ሰው ቤት ትሠራለች። ምነው?»

«አንድ ደብተር ነበራት፤ ታሪክ የጻፈችበት።»

«ውይ! የሷን ደብተር ሁሉ እኮ ቀድጄ ቅመም ጠቀለልኩበት» አለች ረሒማ። የማስተዋልን ፊት ስታይ ግን አዘነች። «ዓርብ ትደውላለች፤ ነይና ራሷን ጠይቂያት።»

ዓርብ ማስተዋል ስልኩን ተቀብላ ደብተሩን ሳታነብ በመመለሷ ይቅርታ ጠየቀች።

«የምን ደብተር እትዬ?» አለች ያስሚን።

ማስተዋል አስታወሰቻት።

«አይ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ምን እንደጻፍኩም ረስቼዋለሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ እናቷን ቶሎ እንድታገናኛት ለመነቻት፤ የስልክ ካርዷ እያለቀ ነበር።